እግር የማይረግጠው ውሃ

የወይራ አምባ ሚካኤል ቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ ዝናብ የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ሰኔ ገብቶ ሰማዩ አልጠቁር ካለ ምእመኑን ሰብስበው ምህላ የሚያስይዙት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ግን ነገር ተገለበጠ። ከደንቢያ በኩል ደመና መጠራቀም ሲጀምር ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወደ ዕቃ ቤቱ ይሄዱና በሩ ላይ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። የሚያዳምጡት ፓምፑን ነው።

ደብሩ ከአዘዞ ከፍ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል፤ በፊቱ የመኪና መንገድ፣ በጀርባው ገደል። ዕቃ ቤቱ በነገሥታቱ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ግማሽ ጎኑ መሬት ውስጥ የገባ ቤት ነው። ላይኛውን ወለል ምስጥ ከበላው ወዲህ የብራና መጻሕፍቱ ሁሉ ታች፣ በግድግዳው ድንጋይ ውስጥ በተፈለፈሉ መደርደሪያዎች ላይ ይቀመጣሉ። ሌባ አይደፍረውም፤ እሳትም አይደርስበትም። ውሃ ግን ቁልፍ አይጠይቅም። ሦስት መቶ ዓመት ጠብታ ያልገባበት ቤት ግቢው ሲሚንቶ ከለበሰና አዲሱ አጥር ከታጠረ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ወለሉ ያልበው ጀመር፤ ላቡ ውሎ አድሮ ኩሬ ሆነ።

አዲስ አበባ የሚነግድ አንድ የደብሩ ልጅ ይህን ሰምቶ ፓምፕ ገዝቶ ላከ። በወለሉ ጥግ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፑ እዚያ ውስጥ ተቀመጠ። ውሃው ከፍ ሲል ራሱ ተነሥቶ ይስባል፣ ዝቅ ሲል ራሱ ያርፋል። ልጁ አገሩን ስለሚያውቅ ባትሪና ኢንቨርተርም ጨመረበት፤ በእኛ ዘንድ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳልና፣ ሁለቱ ባንድ ቤት ማደር አይሆንላቸውም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይረከባል ተባለ። ቄሰ ገበዙም መስቀላቸውን አሳርፈው ባረኩት።

ባትሪው ግን አላዛለቀም። አምና ነሐሴ ላይ መብራት በጠፋ ማግስት ሞቶ ተገኘ፤ ውሃው የታችኛውን መደርደሪያ ነክቶ ነበር። ምእመኑ አዋጥቶ አዲስ ባትሪ ገዛ። ዘንድሮ ሐምሌ መብራት ሲጠፋ እሱም ሞተ፤ መብራቱ ሲመለስ ነፍስ ቢዘራም ማንም አላመነውም፤ መጻሕፍቱ የተረፉት ቄሰ ገበዙና ዲያቆናቱ ውሃውን በባልዲ ሲቀዱ አድረው ነው። በዚህ ጊዜ የደብሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቁርጡን ተናገሩ። ፍልሰታ ሲፈታ መጥተው ያያሉ። ወለሉ ላይ ውሃ ካገኙ መጻሕፍቱ በሙሉ ተጭነው ከተማ ውስጥ ደረቅ ቤት ወዳለው ሌላ ደብር ይሄዳሉ።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለመጻሕፍቱ አስበው ነው። ለወልደኢየሱስ ግን ከሞት አይተናነስም ነበር። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የተቀበሉት ከመምህራቸው እጅ ነው፤ መምህራቸውም ከመምህራቸው። ያ ሁሉ ሰው በጦርነትና በረኃብ መካከል ያሻገረው መጽሐፍ በእሳቸው ዘመን፣ ያውም ውሃ መጥረግ አቅቷቸው፣ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ሊያዩ ነው። ከደብሩ የወጣ መጽሐፍ ደግሞ ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቁታል። እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላቸው።

ዝናሽ የንስሐ ልጃቸው ናት። ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ማሽን ትጠግናለች፤ በፍልሰታ ደግሞ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ቅዳሴ ነው የምትመጣው። አንድ ቀን ለንስሐ ቀርባ ሳለ ፊታቸው መገርጣቱን አይታ ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። ያን ቀን ተናዛዡ እሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል። ስለ ፓምፑም፣ ስለ ባትሪዎቹም፣ ስለ ሽማግሌዎቹም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። እሷም ቅዳሜ ከቀትር በፊት እመጣለሁ አለች።

ቅዳሜ መጣች፤ የመሣሪያ ቦርሳዋን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችና እዚያው ቆመች። በወይራ አምባ ዕቃ ቤት ሴት አይገባበትም። ማንም አልነገራትም፤ በዚሁ ደብር ክርስትና ተነሥታ ያደገች ልጅ ስለሆነች ታውቀዋለች። ቄሰ ገበዙ ግን አሁን ገና ትዝ አላቸው፤ ባለሙያዋን ጠርተው ደጅ ሊያቆሟት መሆኑን ሲያስቡ ቁልፉን በእጃቸው ያገላብጡ ጀመር።

«አይጨነቁ አባ» አለች ዝናሽ። «እኔ ከዚህ ሆኜ እጠይቃለሁ። እርስዎ ውስጥ ገብተው የምልዎትን ያድርጉ፤ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሩኝ።»

የደብሩ ጥበቃ አያ የሻውም በትሩን ተደግፎ መጣ። እሱ ምርመራውን ከጨረሰ ሰንብቷል፤ ባትሪው ሐሰተኛ ነው ባይ ነው፣ ውስጡ አሸዋ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ዝናሽ በመጀመሪያ የጠየቀችው ባትሪው ላይ ውሃ ያፈሰሰ ሰው እንዳለ ነበር። አያ የሻው ዓይኑን ወደ ወይራው ዛፍ አሻገረ። እዚያው እያየም በሐምሌ ባትሪው ሲያጣጥር አይቶ ጠበል እንደረጨው ተናገረ።

«ምነው፣ ክፉ ሠራሁ?» አለ። «ለሰው የሚበጅ ነገር ለባትሪ ምነው ይከፋል?»

ዝናሽ አልሳቀችበትም። ባትሪው ድፍን ስለሆነ ከላይ የተረጨ ነገር ወደ ውስጥ እንደማይገባ ነገረችው፤ ወደፊት ግን ለሰው ብቻ ይሁን ብላ ለመነችው። ከዚያ የባትሪ ኃይል የሚለካበትን ቴስተር ለቄሰ ገበዙ ሰጠችና የትኛው ጫፍ የት እንደሚነካ አሳየቻቸው። እሳቸውም የሞባይላቸውን መብራት አብርተው ደረጃውን ወረዱ።

ሰው ያላየውን በሽታ በር ላይ ቆሞ እንዴት ያውቃል? ወልደኢየሱስ ይህን እያሰቡ ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር አስነኩ። «ዐሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት» ብለው ከታች ተጣሩ። የዜማ ሰው ናቸውና ቁጥሯ ሳትቀር ከአፋቸው በዜማ ወጣች፤ አያ የሻው ፈገግ አለ። ዝናሽ የቆጣሪውን ማብሪያ አጥፍታ ፓምፑ በባትሪ ብቻ እንዲሠራ አደረገችና እንደገና እንዲያነቡ ነገረቻቸው። ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ አለና እዚያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥቂት አስጠብቃ ደግማ አስነበበቻቸው፤ ያው ነው። ጋላጃንቴ የሚሏትን ተንሳፋፊ ኳስ በእጃቸው አንሥተው እንዲለቁ አዘዘቻቸው። ሲያነሧት ፓምፑ ይነሣል፣ ሲለቋት ይተኛል። ሽቦው አልላላም፣ የባትሪው ጫፍ አልዛገም፣ የኢንቨርተሩ መብራትም አረንጓዴ ነው።

ደጅ ያለችው ልጅ ቁጥሮቹን ለራሷ ታነበንብ ጀመር። ቄሰ ገበዙ ከጨለማው ውስጥ ሆነው ያዳምጣሉ። በሽተኛ ሐኪሙ ምን እንደሚል ሲጠብቅ እንዴት እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባቸው።

«አባ፣ ባትሪው ጤነኛ ነው» አለች በመጨረሻ። «ፓምፑም ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይሞትብናል?»

«ደክሞት ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ በክረምት ፓምፑ በየስንት ጊዜው ያርፋል?»

ወልደኢየሱስ ጥያቄው ገረማቸው። ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም፣ እንደ ማኅሌት ነው፣ ከዋዜማ እስከ ንጋት ያለማቋረጥ ይስባል ብለው በኩራት መለሱላት። ለመጻሕፍቱ እንዲህ የሚተጋ ማሽን በማግኘታቸው ስንት ጊዜ አመስግነዋል። ዝናሽ ግን እንዲህ ያለ ፓምፕ ጠጥቶ ጠጥቶ ማረፍ እንዳለበት፣ ባትሪውም የተሰፈረለት ለዚያ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ይህን የሚያህል ውሃ በዚች ኮረብታ አናት ላይ ከየት ይመጣል? ከዚያም የጠየቀችው ውሃው ተስቦ የት እንደሚፈስ ነው።

እዚህ ላይ ቄሰ ገበዙ ደስ እያላቸው ወጡና በዕቃ ቤቱ ምሥራቃዊ ግድግዳ ዞረው አሳዩዋት። ፓምፑን የተከለው ሰው ቧንቧውን ቁልቁል ወስዶ ከመኪናው መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ጥሎት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዘዞ ገበያ የሚወርደው ሰውና አህያ፣ በግና ፍየል ሁሉ ያንን ውሃ ይረግጠዋል። የጽዋውና የጻሕሉ እጣቢ እግር በሚረግጠው ቦታ እንደማይደፋ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ያውቃል። መጻሕፍቱ ከተቀመጡበት፣ ታቦቱ በክፉ ዘመን ከተሸሸገበት ቤት ሥር የወጣ ውሃስ? ካህናቱ መክረው፣ ጸሎት አድርሰው ቧንቧውን አስቆረጡት። አሁን ውሃው የሚፈሰው እዚሁ ግድግዳው ሥር፣ በድንጋይ በታጠረች፣ ጤና አዳም በበቀለባት ቦታ ነው። ከተከለለች ወዲህ የሰው እግር አልነካትም።

ዝናሽ አጥሯ ላይ ጎንበስ ብላ አፈሩን አየች። ግድግዳውን አየች። ጤና አዳሙ ከወትሮው ቁመት አልፎ እንደ ቁጥቋጦ ለምልሟል።  ከዚያ ረጋ ብላ ቀለም ያለው ነገር እንዳለ ጠየቀች።

የአያ የሻው ሚስት ታየች ለማኅበሩ የጾም ማዕድ ቀይ ስር ስትቀቅል ነበር፤ የቀቀለችበትን ውሃ በእንስራ አስይዛ ላከችው። ዝናሽ ቄሰ ገበዙን ወደ ታች መለሰቻቸው። ፓምፑን እንዲያጠፉ፣ እሷ ቀዩን ውሃ ጤና አዳሙ ሥር ስታፈስ እሳቸው ጉድጓዱን እንዲጠብቁ፣ መብራታቸውንም ከግድግዳው እንዳያነሡ ነገረቻቸው።

ወልደኢየሱስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። ከላያቸው ባለው መደርደሪያ ትልቁ ወንጌል በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከደጅ የውሃ መፍሰስ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ጸጥታ። እሳቸውም አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። አንዱን ደግመው ሁለተኛውን ሳይጨርሱ ከወንጌሉ መደርደሪያ ሥር፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል አንድ ነገር ብልጭ አለ። ቀይ ነበር። ቀጭን ሆኖ ወጣ፣ በግድግዳው ላይ ተንሸራተተ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተበተነ። ከኋላው ሌላ መጣ።

የቀይ ስር ውሃ እንደሆነ ያውቃሉ። እንስራው ሲመጣ በዓይናቸው አይተዋል። ቢሆንም ሦስት መቶ ዓመት አፉን ዘግቶ የኖረ ግድግዳ ፊታቸው ላይ ሲናገር መሰላቸው። መብራታቸውን ሳያጠፉ ወጡ።

«መጣ» አሉ።

«መጣ?»

«ከወንጌሉ ሥር ነው የመጣው።»

ዝናሽ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ክረምቱን ሙሉ ፓምፑ አንድን ውሃ ሲያወጣና ሲያስገባ ኖሯል። ከጉድጓዱ ስቦ ጤና አዳሙ ሥር ይደፋዋል፤ ውሃው በግድግዳው ስንጥቅ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ፓምፑም ይኸው መጣ ብሎ ይነሣል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ይባል የለ? መብራት እስካለ ድረስ ድካሙ አይታይም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ያን ሁሉ ከንቱ ልፋት ባትሪው ብቻውን ይሸከምና ይወድቃል። አሥር ባትሪ ቢገዛ አሥሩም ይሞታል።

ወልደኢየሱስ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ስለ ክብሩ ብለው ያደረጉት ነገር ነው መጻሕፍቱን ሊያሳጣቸው የነበረው። አያ የሻው በትሩን መሬት ላይ ያሽከረክራል።

«ልጄ» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «መንገድ ላይ ላፍስሰው ብል መጻሕፍቱ ይድናሉ። ግን እኔ ቁልፉን ስረከብ የተረከብኩት መጻሕፍቱን ብቻ አይደለም። ክብራቸውንም ነው። ክብራቸውን አህያ እያስረገጥኩ ብራናቸውን ባድን ምን ጠበቅሁ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ወግ አጥባቂ ብሎ ይስቅባቸው ነበር። ዝናሽ ግን ጥያቄውን እንደ ማንኛውም የማሽን ጥያቄ አድርጋ ተቀበለችው። እግር በማይረግጠው ቦታ መፍሰስ አለበት፤ ደግሞም መመለስ የለበትም። ሁለቱን ባንድነት የሚያሟላ ቦታ መፈለግ ነው።

«አባ፣ የጽዋው እጣቢ የት ነው የሚደፋው?»

ከቤተልሔሙ ጀርባ ክዳን ያላት የድንጋይ ገንዳ እንዳለች፣ ከዲቁናቸው ጀምሮ እዚያ ሲደፉ እንደኖሩ ነገሯት።

«ሞልታ ታውቃለች?»

«ኧረ አታውቅም። አምና በዚያ ሁሉ ዝናብ ክዳኗ ተነሥቶ አድሮ እንኳ ጠብታ አላገኘንባትም።»

«ውሃው ታዲያ የት ይሄዳል?»

 ወልደኢየሱስ የዲቁና ዘመናቸውን፣ የቅስናውን፣ የገበዝነቱን አሰቡ። ይህን ያህል ዘመን ሲያፈስሱ አንድ ቀን የት ይሄዳል ብለው ጠይቀው አያውቁም። መምህራቸውም አልጠየቁ ይሆናል። ሁሉም ደፍቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ተመልሷል።

የተረፈውን የቀይ ስር ውሃ ራሳቸው ተሸከሙት። ዲያቆናቱ በባልዲ የዝናብ ውሃ እየቀዱ ተከተሏቸው። ወደ ገንዳዋ የሚጠጋው ካህን ብቻ ስለሆነ ዝናሽና አያ የሻው ወደ ደብሩ ጀርባ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዱ። ቄሰ ገበዙ ቀዩን ውሃ ደፉ፤ ባልዲውን ተራ በተራ እየተቀበሉ ጨመሩበት። ገንዳዋ ያለ ድምፅ ዋጠችው። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ከሥሯ ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ ውሃ በድንጋይ ላይ ሲሮጥ ሰሙ። ባልዲውን ጥለው ወደ አፋፉ ሄዱ።

ገደሉ ዝንጀሮ እንኳ የማይወርድበት ነው፤ ከላይ እስከ ታች ክትክታና ቁልቋል ለብሷል። ጭጋግ ከሸለቆው እየተነሣ ነበር። ለጊዜው ምንም አልታየም። ከዚያ አያ የሻው ሳይናገር በትሩን ዘረጋ። ከአፋፉ በታች፣ ማንም ሰው ቆሞ በማያውቅበት ቦታ፣ ከቁጥቋጦው መካከል የተጠረበ ድንጋይ ወጣ ብሎ ይታያል። አሸንዳ ነው። መሐሉ የተቦረቦረ፣ ጫፉ ወደ ባዶው አየር የተዘረጋ የድንጋይ አሸንዳ። ከጫፉም ቀይ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ቀጠለና ክር ሆኖ ወረደ፤ ወረደና መሬት ሳይደርስ በነፋስ ተበትኖ ጭጋግ ሆነ።

 በዚያች ሰዓት በወልደኢየሱስ ላይ ያደረውን ነገር ደስታ ነው እንዳይሉት እንባ አለበት፣ ሐዘን እንዳይሉት ልብን ያሰፋል። ከነገሥታቱ ዘመን አንድ ድንጋይ ጠራቢ በገመድ ተንጠልጥሎ እዚህ ገደል ላይ ውሏል። ለምን? እግር እንዳይረግጠው ብሎ ነው። ያ ሰው እሳቸው የጨነቃቸው ጭንቀት ጨንቆት ነበር፤ እሳቸው የጠየቁትን ጠይቆ ነበር። መልሱንም አገኘው፤ በተራራው ሆድ ውስጥ መንገድ ቀደደለት፣ ከዚያም ለማንም ሳያወራ ሄደ። ብቻቸውን ሞኝ ሆነው እንዳልኖሩ ሲያውቁ ድንጋዩ ላይ ተንበርክከው በግንባራቸው ተሳለሙ።

«እኔ የተበላሸ እጠግናለሁ አባ» አለች ዝናሽ። «እነዚህ የማይበላሽ ነው የሠሩት።»

«ሸጋ ሰዎች ነበሩ» አለ አያ የሻው፣ ትናንት ያያቸው ይመስል።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር ማለት አይቻልም። ካህናቱ ተሰብስበው ሲመክሩ አንድ መሪጌታ ገንዳዋ ለንዋየ ቅድሳት ብቻ እንደተሠራች ተናግረው ተከራከሩ። ወልደኢየሱስ መጻሕፍቱስ ከንዋየ ቅድሳቱ አይቆጠሩምን ብለው ሲጠይቋቸው መሪጌታው አሰብ አደረጉና ቧንቧውን ራሴ እሸከማለሁ አሉ። ዝናሽ ከሩቅ እየተናገረች፣ ካህናቱ እየቆረጡና እየገጠሙ ቧንቧው ከዕቃ ቤቱ እስከ ገንዳዋ ተዘረጋ። መጀመሪያ ሲሞከር ፓምፑ ያጉረመርማል እንጂ በወዲያኛው ጫፍ ጠብ የሚል ጠፋ። ዝናሽ ውሃ እንዳይመለስ በሚያግደው ቫልቭ ላይ የተሳለችው ቀስት ወዴት እንደምታይ ከደጅ ጠየቀች። ወደ ጉድጓዱ ነው አሉ መሪጌታው፣ ውሃው ከዚያ ስለሚመጣ ፊቷን ወደ እንግዳው አድርገው ነው የገጠሟት። አዙሯት አለች። ሲያዞሯት ውሃው ሽቅብ ወጣና ገንዳዋ ውስጥ ወረደ።

የፍልሰታ ዕለት፣ ቅዳሴው ሳይወጣ፣ ሰማዩ ተቀደደ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ወልደኢየሱስ በዚያ ቀን ቀዳሽ አልነበሩም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ዕቃ ቤቱ በር ገሰገሱ። ዝናሽ ቀድማቸው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆማ አገኟት። ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ፓምፑ ይሠራል። ጥቂት ሠራና ፀጥ አለ።

ሞተ አሉ በልባቸው። ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጣል፣ ግቢው ወንዝ ሆኗል፣ ከበሩ በስተጀርባ ግን ምንም ድምፅ የለም። ቁልፉን ሊያወጡ ሲሉ ዝናሽ እጇን አንሥታ እንዲታገሡ ለመነቻቸው። ሰው የሚወደውን ነገር ትንፋሽ ሲጠብቅ ጊዜው እንዴት እንደሚረዝም የጠበቀ ያውቀዋል። በመጨረሻ ፓምፑ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጥቂት አጉረመረመ፣ እንደገና ዝም አለ።

«ይኸው ነው አባ» አለች። «አረፈ።»

መብራቱ በማግስቱም አልመጣም። ሽማግሌዎቹ በዚያው ጨለማ በሻማ ወረዱ። ከሁሉ የሚያንሱት በጥግ በጥግ እያበሩ ፈለጉ፤ አንጋፋው ግን ብዙ አልተመራመሩም። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ፣ አነሡና በሻማው ብርሃን አዩት። ደረቅ ነበር። መጻሕፍቱ ባሉበት ይቆዩ አሉ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ዝናሽ ደጃፉ ላይ መሣሪያዋን ትሰበስብ ነበር። ወልደኢየሱስ አዩዋት። ያን ሁሉ ቀን እዚህ ደፍ ላይ ቆማ የደከመችለትን ነገር አንድ ቀን ከቅርብ አላየችውም። ጠብቂኝ ብለው ወረዱ። ሲመለሱ ትልቁን ወንጌል እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ነበር። ይህ መጽሐፍ የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በንግሡ ነው። በበሩ ድንጋይ ላይ ነጠላቸውን አነጠፉና አስቀምጠው ገለጡት። የቅዱሳኑ ዓይኖች፣ ቀዩና ቢጫው ቀለም፣ ትናንት የተጻፈ የሚመስለው ጥቁር ፊደል ዝናሽ ፊት ተዘረጋ። እጆቿን ቶሎ ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ቅባት ነበረባቸው።

ከዚያ ግን ዓይኗ ከሥዕሉ ወርዶ ወደ ገጹ ግርጌ ሄደ። በብራናው ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር አለ፣ አምና ወንጌሉ በታችኛው መደርደሪያ ቆሞ ሳለ ውሃው የደረሰበት። ገጹን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። ከመስመሩ እስከ መጨረሻው ፊደል ያለው ቦታ አንድ ጣት አይሞላም።

«አልነገሩኝም» አለች።

«እንዴት ብዬ እነግርሻለሁ» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ለራሴም ነግሬው አላውቅም።»

ዝናሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዘረጋች። ወልደኢየሱስ አልከለከሏትም። ፊደሉን አልነካችም፣ ሥዕሉንም አልነካችም። ጣቷን በዚያች ጠባብ፣ ንጹሕ፣ ውሃው ባልደረሰባት ቦታ ላይ አሳረፈችና አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ።